ረቡዕ ስለ ሉሲ፣ እሑድ ስለ አዳም

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ዓምድዎን ከተማሪነቴ ጀምሮ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ 27 ነው። ሐይቅ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አሁንም ከዚያው ሳልርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ በሰበካችን ሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናቱ ክፍል የእኔ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ቅኔ ዋድላ ድረስ ሄደው ተምረዋል፣ ከዚያም የሐዲስ ትርጓሜ። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጾመ ነነዌ ሰሞን ለልጆቹ ስለ ዮናስ ስነግራቸው አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጁን አወጣና «መምህርት፣ ዓሣው ሆድ ውስጥ እንዴት ተነፈሰ?» አለኝ። «በእግዚአብሔር ኃይል» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እውነት የሆነ ነው ወይስ ተረት ነው?» አለ። «እውነት ነው» አልኩ። ስናገር ግን ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ልጁም የነቃብኝ መሰለኝ።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ 12ኛ ክፍል ገብቼ ስለ ሉሲ አስተማርኩ። «3.2 ሚሊዮን ዓመት» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የማያት አንዲት ተማሪዬ «ቲቸር፣ አዳምስ ታዲያ?» አለችኝ። ደወሉ አዳነኝ።

አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሜ በቴሌግራም ቪዲዮ ይልክልኛል። የኢያሪኮ ቅጥር ኢያሱ ሳይደርስ ገና ድሮ ፈርሶ ነበር ይላል አንዱ። ወንድሜም «ሁሉም ተረት ነው፣ ንቂ» ይለኛል። አንድ ማታ እራት ላይ በወንድሜ አሳብቤ ነገሩን ለአባቴ አነሳሁባቸው። «ከመሠረቱ አንድ ድንጋይ ካወጣሽ ቤቱ ይፈርሳል» አሉና ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንበትም።

እኔ ማመን አልተውኩም። ቅዳሴ ስቆም ልቤ ይሞላል። ግን ልቤ ባልረጋበት ነገር ሕፃናት ማስተማር ኃጢአት አይሆንብኝም? ክፍሉን ልተወው? ብተወውስ ለአባቴ ምን እላለሁ? መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ነው ወይስ ምሳሌ? እባክዎ እንደ ልጅዎ ይምከሩኝ።

የሐይቋ

*

የሐይቋ ልጄ፣

እንደ ልጅዎ ካልሽኝ እንደ እናት ላውራሽ። ቄስም አይደለሁም፣ የታሪክ ምሁርም አይደለሁም። ደሴ ተቀምጬ የሰው ደብዳቤ የማነብ ሴት ነኝ። ስለዚህ ይህ ሆኗል፣ ያ አልሆነም ብዬ የምፈርድልሽ እንዳይመስልሽ። የማውቀውን ያህል ግን አልደብቅሽም።

ደብዳቤሽ ውስጥ አንዲት ቃል አለች፣ «ወይስ» የምትለዋ። ልጁም ይላታል፣ አንቺም ትያታለሽ፣ ወንድምሽም በልቡ ይዟታል። ወይ ታሪክ ወይ ተረት። እስቲ ይህችን ቃል ትንሽ እናቆያት። መጽሐፍ ቅዱስ እኮ አንድ መጽሐፍ አይደለም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቁጥር 81 ነው። ሕግ አለበት፣ የነገሥታት ዜና አለበት፣ ዘፈን አለበት፣ ልቅሶ አለበት፣ ደብዳቤ አለበት፣ ራእይ አለበት። ሁሉንም በጅምላ ታሪክ ነው ወይስ ምሳሌ ብሎ መጠየቅ ደሴ ገበያ ገብቶ «እዚህ ያለው ሁሉ ጤፍ ነው ወይስ በርበሬ?» እንደ ማለት ነው። ሻጩ ምን ብሎ ይመልስልሻል?

አንድ ነገር ልንገርሽ። በ2014 ዓ.ም. ያ ክፉ ጊዜ ሲመጣብን እኛ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ተጠግተን ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ። አንዲት እናት ማታ ማታ ዳዊት ይደግሙ ነበር። «በላባዎቹ ይጋርድሃል» የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ ይላል። ሌላው በራሱ ዱዓ ነበር፣ ግን ሁሉም ይሰማል። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ከእኛ ውስጥ እግዚአብሔር ላባ አለው ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ውሸት ነው ያለም አልነበረም። ያ ቃል በዚያ ሌሊት እውነት ነበር። በምን ዓይነት እውነትነት? እሱን አንቺ አስቢበት።

ነቢዩ ናታንን ታውቂዋለሽ። ዳዊት የሰው ሚስት ወስዶ ባሏን ካስገደለ በኋላ ናታን መጣና አንድ ታሪክ ነገረው። አንድ ሀብታም ነበረ፣ አንድ ድሃ ነበረ፣ ድሃው አንዲት ግልገል ነበረችው፣ ሀብታሙ ቀማው። ዳዊት ታሪኩን የሆነ ነገር ነው ብሎ ሰማው። ተቆጣ። ይህን ያደረገ ሰው ሞት ይገባዋል አለ። ናታንም «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ግልገሏ አልነበረችም፣ ሀብታሙም አልነበረም። ዳዊት ግን በሕይወቱ ከዚያ የበለጠ እውነት የሰማ አይመስለኝም። ያልሆነ ታሪክ የሆነውን ሁሉ ገለጠበት። እና «ተረት ነው» ሲልሽ ወንድምሽ፣ ተረት የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ነው የሚጠቀምበት። ናታን ፊት ቢሆን ይህ ስድብ አይሠራለትም።

አያቴ ለገና ላሊበላ በእግሯ ሄዳ ስትመለስ «ኢየሩሳሌም ደርሼ መጣሁ» ትል ነበር። ዮርዳኖስን አየሁ፣ ጎልጎታ ገባሁ፣ የአዳምን መቃብር ተሳለምኩ ትለናለች። ላሊበላ ያለው ዮርዳኖስ እስራኤል ያለው ዮርዳኖስ እንዳልሆነ አያቴ አታውቅም ነበር? ታውቃለች እንጂ። በእኛ አገር ሰው ስምን ወደ ቦታ፣ ቦታን ወደ ስም ማሻገር ያውቅበታል። ካርታ አውጥቶ «ተሳስተሻል» የሚላት ሰው ቢመጣ ሳቅ ብላ ቡና ታፈላለት ነበር።

እዚህ ላይ ብቆም ደስ ይልሽ ይሆናል። ሁሉም ምሳሌ ነው፣ ተገላገልኩ ብለሽ። ግን አላቆምም፣ ምክንያቱም መጽሐፉ ራሱ አያቆምም።

ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር ነገሩን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ተከታትዬ ጻፍኩልህ ይላል። ምሳሌ የሚያወራ ሰው እንዲህ ብሎ አይጀምርም። ምዕራፍ 3 ላይ ደግሞ ቀን ይቆጥራል፣ ጢባርዮስ ቄሣር በነገሠ በ15ኛው ዓመት፣ ጴንጤናዊው ጲላጦስ በይሁዳ ገዢ ሳለ እያለ። ጲላጦስ የተረት ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ቂሣርያ ላይ ሲቆፈር ስሙ የተቀረጸበት ድንጋይ ወጥቷል። ሮማዊው ጸሐፊ ታሲተስም፣ ክርስቲያን ያልሆነ፣ ክርስቲያኖችንም የማይወድ ሰው፣ ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በጲላጦስ እንደተገደለ ጽፏል። ዳዊትስ? እ.ኤ.አ. በ1993 በሰሜን እስራኤል ቴል ዳን በሚባል ቦታ «የዳዊት ቤት» የሚል የድንጋይ ጽሑፍ ተገኝቷል። ይህን ወንድምሽ በቴሌግራም ልኮልሽ ያውቃል? አይመስለኝም። ቪዲዮ የሚሠሩ ሰዎች የፈረሰውን እንጂ የቆመውን ብዙም አያሳዩም።

ጳውሎስ ደግሞ አለ። ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ስቅለቱ 30 ዓመት ሳይሞላው ነው። ክርስቶስ ከተነሣ በኋላ ከ500 ለሚበልጡ ወንድሞች በአንድ ጊዜ ታየ፣ አብዛኞቹም እስከ ዛሬ አሉ ይላል። ሄዳችሁ ጠይቁ እንደ ማለት ነው። ቀጥሎም ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ናት ይላል። ትንሣኤ ምሳሌ ነው፣ የተስፋ ምልክት ነው ብሎ ማምለጫ ለራሱ አላስቀረም። እርግጥ ትንሣኤን አካፋ ቆፍሮ አያወጣውም። ታሪክ ጸሐፊ እስከ መስቀሉ አብሮሽ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ምስክሮቹን ታምኛለሽ ወይም አታምኚም። ግን ጳውሎስ የሚናገረው ስለ ሆነ ነገር ነው።

ስለዚህ አባትሽ ስለ ድንጋዩ ያሉት እውነት አለበት። የሚያፈርስ ድንጋይ አለ። የኔ ጥያቄ ሁሉም ድንጋይ የማዕዘን ራስ ነው ወይ የሚለው ነው። የዮናስ ዓሣና የክርስቶስ ትንሣኤ እኩል ሸክም የተሸከሙ ናቸው? እስቲ ልብሽን ጠይቂው። ዮናስ ምሳሌ ሆኖ ቢገኝ ነገ ቅዳሴ የማትቆሚበት ምክንያት ይኖርሻል? ትንሣኤ ባይሆንስ? ሁለቱ ጥያቄዎች ሆድሽ ውስጥ አንድ ዓይነት ስሜት ይሰጡሻል? እኔ አይሰጡኝም። አንቺን ግን አላውቅም።

የኢያሪኮን ነገር ላንሳ፣ ዝም ብዬ ባልፈው ፈራች ትይኛለሽ። ወንድምሽ የላከልሽ ከባዶ የመጣ አይደለም። ካትሊን ኬንየን የምትባል እንግሊዛዊት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ ቆፍራ፣ ከተማዋ የፈረሰችው ኢያሱ ኖረ ከሚባልበት ዘመን ቀደም ብላ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሳለች። ብዙ የመስኩ ሰዎች ይህን ተቀብለዋል። በእሱ ላይ የሚከራከሩም አሉ። ሉቃስ ጌታ ሲወለድ ተደረገ የሚለው የቄሬኔዎስ የሕዝብ ቆጠራም ቢሆን ከሄሮድስ ዘመን ጋር አልገጥም ብሎ ሊቃውንትን ሲያነታርክ የኖረ ነው። እነዚህ እውነተኛ ጥያቄዎች ናቸው። የሚጠይቃቸው ሁሉ ከሃዲ አይደለም። ከእነዚህ ተነስቶ «ሁሉም ተረት ነው» ማለት ግን ወንድምሽ በሌላ ነገር ላይ የማያደርገው ዝላይ ነው። ከአንድ ጋዜጣ አንድ ዜና ቢሳሳት አገሪቱ የለችም ይላል?

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፣ ወደ አባትሽ ትምህርት። ልጄ፣ አንቺ እኮ ይህን ጥያቄ ይዘሽ ስታለቅሺ መሣሪያው ቤትሽ ተሰቅሏል። አባትሽ የሐዲስ ትርጓሜ ተምረዋል አላልሽም? መምህሩ ንባቡን በግእዝ ይላል፣ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፣ ከዚያ «አንድም» ይላል። ሌላ ፍቺ ያመጣል። እንደገና «አንድም»። አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት ጊዜ። ቅኔውስ ቢሆን ሰምና ወርቅ አይደል? ዋድላ የተማረ ሰው አንድ ቃል አንድ ነገር ብቻ ነው የሚል ጭንቅላት የለውም። ሙሴ ያየው ነዶ ያልተቃጠለው ቁጥቋጦ በውዳሴ ማርያም እመቤታችን ነው። ጳውሎስም ራሱ ሣራንና አጋርን አንስቶ ይህ ምሳሌ ነው፣ ሁለቱ ኪዳኖች ናቸው ብሏል።

ግን አታለልኩሽ እንዳትይ፣ አንድ ልዩነት ልንገርሽ። አባትሽ «አንድም» ሲሉ የመጀመሪያውን ሰርዘው አይደለም። ለሊቃውንቱ ቁጥቋጦው ሲና ላይ በእርግጥ ነደደ፣ ደግሞም እመቤታችንን ያሳያል። ታሪኩ ላይ ምሥጢሩ ይደረብበታል። ያንቺ ጥያቄ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ነው የሚሄደው። ታሪኩ ባይኖርስ፣ ምሥጢሩ ብቻውን ይቆማል ወይ ነው የምትይው። ይህ አዲስ የፈረንጅ ጥያቄ እንዳይመስልሽ። የእስክንድርያው አርጌንስ ከ1,700 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ ፀሐይ በአራተኛው ቀን ከተፈጠረች የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያለ ፀሐይ እንዴት ማታና ጠዋት ሆነላቸው ብሎ ጠይቋል። (አባትሽ ፊት ግን አርጌንስን ምስክር አድርገሽ እንዳትጠሪ። የተወገዘ ሰው ነው፣ ቡናው ሳይፈላ ክርክሩ ያልቅብሻል።) ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ ስለ ስድስቱ ቀናት ሲሰብክ ሣር ሲባል ሣር ነው፣ ሌላ ነገር አድርጌ አልፈታውም የሚል ዓይነት ሰው ነበር። ሁለቱም አንድ መጽሐፍ ይዘው ነው። ይህ ክርክር ካንቺና ከወንድምሽ በፊት የነበረ ነው፣ እንደ ግል ኃጢአትሽ አድርገሽ አትሸከሚው።

የቤተ ክርስቲያናችንን የዘመን አቆጣጠር፣ የባሕረ ሐሳቡን ቁጥርም አስቢ። ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5,500 ዓመት የሚለው ከየት የመጣ ይመስልሻል? እግዚአብሔር ለአዳም ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ አለው ይባላል። ሊቃውንቱም አንዱን ቀን እንደ ሺህ ዓመት ቆጠሩት። ታዲያ «ቀን» ሁልጊዜ 24 ሰዓት እንዳልሆነ ያወቁት ከሳይንስ መጽሐፍ ነው? ይህን እኔ ሳይሆን አንቺ አባትሽን ጠይቂያቸው። ደስ ብሏቸው ነው የሚመልሱልሽ።

ማቴዎስ ደግሞ ቅኔ ነገር አለበት። የትውልዱን ሐረግ 14፣ 14፣ 14 አድርጎ ይከፍለዋል። ቁጥሩ እንዲሞላ ከኢዮራም ወደ ዖዝያን ሲሻገር ሦስት ነገሥታት ይዘላል፣ አካዝያስን፣ ኢዮአስን፣ አሜስያስን። ረስቷቸው ነው? አይሁዳዊ የነገሥታቱን ዝርዝር አይረሳም። በዕብራይስጥ ዳዊት የሚለው ስም ፊደላቱ በቁጥር ሲደመሩ 14 ይሆናሉ፣ 4 እና 6 እና 4። ብዙ ሊቃውንት ማቴዎስ በዝርዝሩ «የዳዊት ልጅ» እያለ እየዘመረ ነው ይላሉ። ታሪክ ነው? አዎ፣ ሰዎቹ ነበሩ። ተሠርቶ የተደረደረ ነው? አዎ። ይህን ሳውቅ እምነቴ አልቀነሰም። ይልቅ ማቴዎስን ወደድኩት። መዝገብ ቤት የተቀመጠ ጸሐፊ ይመስለኝ ነበር፣ ለካስ ባለ ቅኔ ኖሯል።

ወደ ረቡዕ ክፍልሽ እንመለስ። ሉሲ እኮ የአገርሽ ልጅ ናት። በ1967 ዓ.ም. ስትገኝ ሐዳር በቀድሞው ወሎ ውስጥ ነበር። ላሊበላ የተፈለፈለበት አምባም ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ነው፣ ዕድሜውን ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ያደርሱታል። በገና ሌሊት ካህናቱ ቤተ ማርያም ዙሪያ አለቱ አፋፍ ላይ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ እግራቸው የቆመው በዚያ ድንጋይ ላይ ነው። ዘፍጥረትን እንደ ቀን መቁጠሪያ ካነበብሽው ረቡዕና እሑድሽ ይጋጫሉ፣ አይጋጩም ብዬ አልዋሽሽም። እንደዚያ የሚያነቡ ቅን ክርስቲያኖች አሉ፣ እነሱ ሚሊዮኑን ይተዉታል። ሰው በእግዚአብሔር መልክ መፈጠሩንና መውደቁን የሚናገር ቅዱስ ቃል አድርገው የሚያነቡትም አሉ፣ እነሱ ሰሌዳሽ ላይ የጻፍሽውን አይፈሩትም። አንቺ የትኛው ላይ ቆመሽ ሳትዋሺ መኖር ትችያለሽ? ዛሬ መልስ አልጠይቅሽም። ለተማሪሽ ግን «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም እያሰብኩበት ነው፣ ፈተናው ላይ ግን መጽሐፉ ያለውን ጻፊ» ማለት ትችያለሽ። አስተማሪ እያሰብኩ ነው ቢል ተማሪ አይንቀውም።

ያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ከሁሉ እሱን ነው የወደድኩት።

ድምፅሽ የተንቀጠቀጠው እምነት ስላጣሽ አይመስለኝም። ከምታውቂው በላይ ስለተናገርሽ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ በይው፦ «ቤተ ክርስቲያናችን ይህ ሆኗል ብላ ታስተምረናለች። እንዴት እንደተነፈሰ ግን መጽሐፉ አልጻፈልንም። እኔም አላውቅም። አንተ ግን ዮናስ ለምን እንደሸሸ ታውቃለህ?» እዚህ ውስጥ ውሸት አለ? ቆጥሪው፣ የለም። የራስሽን ጥርጣሬም ሕፃን ትከሻ ላይ አልጫንሽም፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን አደራም አልበላሽም።

ደግሞ መጽሐፉን ራሱን ክፈቺው። ዮናስ አራት ምዕራፍ፣ 48 ቁጥር ነው። ዓሣው የሚታየው በሦስት ቁጥር ብቻ ነው። እኛ ነን ዓሣውን ያሳደግነው። አማቴ የተባለ ሰው ልጅ የሆነ ዮናስ የሚባል ነቢይ በመጽሐፈ ነገሥትም ተጠቅሷል፣ ነነዌም ዛሬ ኢራቅ ሞሱል አጠገብ ፍርስራሿ ያለ ከተማ ናት። ጌታም የዮናስን ምልክት ከራሱ ሞትና ትንሣኤ ጋር አያይዞ ጠቅሶታል። አንዳንዱ ጌታ ከጠቀሰው ሆኗል ማለት ነው ይላል፣ አንዳንዱ ሁሉ የሚያውቀውን ታሪክ አንስቶ አስተማረበት ይላል። ታሪኩ ግን የሚያልቀው ዓሣው ጋ አይደለም። ዮናስ ጠላቶቹ ምሕረት በማግኘታቸው ተናዶ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ቅሏ ደረቀችበትና ስለ ቅሏ አዘነ። እግዚአብሔርም፣ አንተ ላልደከምክባት ቅል ስታዝን እኔ ቀኛቸውንና ግራቸውን ለማይለዩ ከ120,000 ለሚበልጡ ሰዎችና ለብዙ እንስሶች አላዝንምን አለው። መጽሐፉ በጥያቄ ያልቃል። ዮናስ ምን እንደመለሰ አልተጻፈም። እኛ ባየነው ዓመት፣ ጠላት የሚለው ቃል በየሰው አፍ በነበረበት ዓመት፣ ይህን ጥያቄ የሰማ ሰው ስለ ዓሣው አየር ለማሰብ ጊዜ አይኖረውም ነበር። ጎረቤቶቻችን ዩኑስ ይሉታል፣ ዓሣውን እነሱም ያውቁታል። ለልጆቹ አንድ እሑድ ምዕራፍ 4ን ብቻ አንብቢላቸውና ዮናስ ቢመልስ ምን ይል ነበር ብለሽ ሥዕል አስይያቸው። የሚያመጡልሽን እይ።

ክፍሉን ልተወው ወይ ላልሽው፣ አትቸኩይ ነው የምልሽ። በዚህ ሰሞን ከተውሽው የምትተዪው በፍርሃት ነው፣ በፍርሃት የተወሰነ ነገር ደግሞ በኋላ ይቆጭሻል። ከደከመሽ ግን ለኃላፊው «ለሁለት ወር መዝሙር ላስጠና፣ ትምህርቱን ሌላ ሰው ይያዝልኝ» ማለት ነውር የለውም። ምክንያቱን ዘርዝሪ የሚልሽም የለም። ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ የሚለውን ለንስሐ አባትሽ አንሺው። ያ የእኔ ድርሻ አይደለም፣ እሳቸው ያውቁሻል።

አባትሽ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ። ነገሩን በወንድምሽ አሳበሽ ነው ያነሳሽባቸው። እሳቸው የመለሱት ለእሱ ነው። ሩቅ ያለ፣ መጽሐፉን ናቀ ብለው ለሚያዝኑበት ልጃቸው ነው ድንጋዩን ያነሱት። ያንቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልሰሙትም። ታዲያ እንዴት ፈረድሽባቸው?

እራት ላይ አታድርጊው፣ ቤተሰብ ሁሉ ባለበትም አይሁን። ቅዳሜ ከሰዓት ቡናውን ራስሽ አፍዪ። ከሁለተኛው በኋላ፣ በረካው ሳይደርስ፣ አንድ ነገር ብቻ አንሺ። «አባባ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ነው ወይስ ምሳሌ» አትበይ፣ ይህ ለመምህርም ይከብዳል። «አባባ፣ አንድ ሕፃን ስለ ዮናስ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፣ ምን እንደምለው ጨነቀኝ። እርስዎ ሲማሩ የኔታ ይህን እንዴት ፈቱላችሁ?» በይ። ከዚያ አድምጪ። ጉባኤ ቤት ጥያቄ የሚነወርበት ቦታ አይደለም፣ አባትሽ ለዓመታት የተቀመጡት ሲጠይቁና ሲጠየቁ ነው። ልጃቸው እንደ ደቀ መዝሙር ቀርባ ብትጠይቃቸው የሚቆጡ አይመስለኝም። ቢቆጡስ? ቢቆጡ ቡናውን አንሺና ሌላ ቅዳሜ ጠብቂ። ተስማምታችሁ ላትነሱ ትችላላችሁ። እሳቸው ሆኗል ብለው ይቆማሉ፣ አንቺ አላውቅም ብለሽ ትቆያለሽ፣ ሁለታችሁም በማግስቱ አንድ ቅዳሴ ትቆማላችሁ። በብዙ ቤት እንዲህ ይኖራል። በእኛ ወሎ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት ይዞ አንድ ማዕድ የሚቀርብ ቤተሰብ ሞልቷል፣ አንቺም ሳታውቂው አትቀሪም።

ለወንድምሽ አጭር ነው። ቪዲዮ በላከልሽ ቁጥር «እሺ አየዋለሁ፣ አንተ ደግሞ የዮናስን አራቱን ምዕራፍ አንብብና ደውልልኝ» በይው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ካላነበበ ቪዲዮውን የማየት ግዴታ የለብሽም።

ከዚያ ከቅዳሜው ቡና በኋላ ጻፊልኝ። አባትሽ ምን እንዳሉ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ የልጆቹንም ሥዕል ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል።